ወንፊት ሥራ ላይ የለም

ወንፊት የሚለውን ስም ማን እንዳወጣላቸው በትክክል የሚያውቅ የለም። ከደንብ ልብስ መስፊያው የድሮ ሠራተኞች አንዱ ሳይሆን አይቀርም። ስሙ ግን ልክክ አለባቸው። የስቶር ኃላፊዋ እጅ የገባ ዕቃ ሳይነፋ አያልፍም። ክር ሲመጣ ከጥቅሉ ላይ ጥቂት ይተረትሩና በሁለት እጃቸው ጎትተው ለመበጠስ ይሞክራሉ፤ ቶሎ እጅ ከሰጠ ተመላሽ ነው። የሸሚዝ ቁልፍ ሲመጣ ከካርቶኑ አፍ ላይ ያለውን አያዩም። ክንዳቸውን እስከ ክርናቸው ሰድደው ከሥር ይዘግናሉ። "ከላይ ከላይማ ማን የማያምር አለ" ይላሉ።

ስሙን ያውቁታል፤ አይከፉበትም። "ወንፊት ከዱቄት ጋር ጠብ የለውም፤ የሚከፋው ጠጠሩ ነው" ብለው ያልፉታል። ፊት ለፊት ግን ደፍሮ የሚጠራቸው ሰው አልነበረም። ፊት ለፊት "እትዬ" ናቸው። ከባለቤቱ ጀምሮ እስከ ዘበኛው ድረስ አንቱ ይላቸዋል።

ጥርጣሬው ከየት እንደመጣባቸው ሲጠየቁ "ከእናቴ ሆድ ስወጣ መጀመሪያ የገላመጥኩት አዋላጇን ነው" ይላሉ። ሰው ይስቃል፤ እሳቸው አይስቁም። በልጅነታቸው ነው ቁልፍ ተካይ ሆነው እዚያ ቤት የገቡት። ከቁልፍ ወደ ስፌት፣ ከስፌት ወደ ስቶር ወረዱ፤ ስቶሩ ምድር ቤት ስለሆነ መውረድ ነው እንጂ እድገት ነበር። ባል አግብተው ነበር። ባልየው ለጥቂት ጊዜ ሌላ ከተማ ሠርቼ ልምጣ ብሎ ሄደና እዚያው ጎጆ ወጣ። "አልጠረጠርኩም አልልም" ይላሉ ስለዚያ ሲያወሩ። "ሻንጣው ለጥቂት ጊዜ በጣም ይከብድ ነበር።" ልጅ አልወለዱም። ወንድማቸው ሲሞት የሱን ልጅ ወስደው በሁለት ክፍል ቤታቸው አሳደጓት። አድጋ እሷም እዚያው መስፊያ ቤት ተቀጠረች፤ ሥራዋ የደንበኞችን ትእዛዝ መዝግቦ ለስፌት ክፍል ማስተላለፍ ነው።

በዚያ ቤት ቁልፍ የሚለው ቃል ብዙ ጣጣ አለው። የሸሚዙም ቁልፍ፣ የበሩም ቁልፍ የሚገኘው እሳቸው ዘንድ ነው። "እትዬ፣ ቁልፍ ፈልጌ ነበር" ብሎ የመጣ ሁሉ "የሚተከለው ነው የሚዞረው?" ተብሎ ይጠየቃል። የሚዞረውን ለማንም ሰጥተው አያውቁም። በወፍራም ክር ታስሮ አንገታቸው ላይ ይውላል። አንድ ሰው ምን አለዎት ቢላቸው ቤቱን፣ ልጅቷንና ቁልፉን የሚሉ ይመስለኛል፤ ምናልባትም ቁልፉን አስቀድመው።

ባለቤቱ አርጅቶ ሥራውን ለአማቹ ለልጁ ባል ሲያስረክብ ነው ነገሩ የተጀመረው። አዲሱ ሥራ አስኪያጅ ወጣት ነው፤ ትሁት ነው፤ ያልገባውን ነገር አልገባኝም ማለት ግን አይሆንለትም። ትእዛዝ በወረቀት መሄዱ ይቅርና በታብሌት ይሁን አለ። ለዚያ ደግሞ ሕንፃው ሙሉ ዋይፋይ ያስፈልጋል ተባለና አንድ ቴክኒሽያን መጣ።

ቴክኒሽያኑ ላፕቶፑን እንደ ትሪ በግራ ክንዱ ይዞ፣ ዓይኑን ከስክሪኑ ሳይነቅል፣ እግሩን እየጎተተ ክፍል ለክፍል ይዞር ጀመር። ትንሽ ይሄዳል፤ ይቆማል፤ ይነካካል፤ ደግሞ ይሄዳል። ስቶር ሲደርስ ወንፊት በሩ ላይ ቆመው ጠበቁት።

"ምን ጠፍቶህ ነው?"

"ምንም አልጠፋኝም እትዬ፤ ኔትወርኩ የቱ ጋ እንደሚደርስ እየለካሁ ነው።" ግድግዳውን በጣቱ አንኳኳ። "ይሄ ጡብ ነው ብሎኬት?"

"እንዲህ ብሎ የሚጠይቅ ሊሰብር የሚመጣ ሰው ነው።"

ሳቀና ላፕቶፑን አዞረላቸው። ስክሪኑ ላይ የሕንፃው ሥዕል ነበር፤ እያንዳንዱ ግድግዳ፣ በር፣ ደረጃ ሳይቀር። ሥዕሉ ላይ አረንጓዴና ቢጫ ቀለም ፈስሶበታል። ምድር ቤቱ ብቻ ቀይ ነው።

"የኔ ስቶር ምን አጥፍታ ነው የቀላችው?"

"መደርደሪያው ብረት ነው፤ በዚያ ላይ ጨርቁ እስከ ጣሪያ ተቆልሏል። ኔትወርኩ እየገባ እዚህ ይሞታል። ፕሮግራሙ ግድግዳውንና መደርደሪያውን አስልቶ ዕቃው የት የት መሰቀል እንዳለበት ይናገራል። እዚህ ለእርስዎ ብቻ አንድ ስቀል ብሎኛል።"

"ለእኔ ብቻ?"

"ለእርስዎ ብቻ።"

ይህ አነጋገር አልጣማቸውም። ለእሳቸው ብቻ ተብሎ የተደረገ ደግ ነገር አያስታውሱም። በማግስቱ ጣሪያው ላይ የተሰቀለው ነገር ክብ ነጭ ነው፤ የተደፋ ሳህን ይመስላል፤ መሀሉ ላይ አረንጓዴ መብራት ጭል ጭል ይላል። ቴክኒሽያኑ መሰላል ላይ እንዳለ ከታች ሆነው ይመረምሩት ጀመር።

"ያያል?"

"አያይም።"

"ይሰማል?"

"አይሰማም እትዬ።"

"ዓይንም ጆሮም ከሌለው ምን ሊሠራ ተሰቀለ?"

"ያገናኛል።"

"አገናኝ ሆኖ ወሬ የማያውቅ አይቼ አላውቅም" አሉ።

ከዚያ ይልቅ ያሳሰባቸው ሌላ ነገር ነበር። ሥራ አስኪያጁ ቴክኒሽያኑን ክፍሎቹን እንድታሳየው ያዘዘው የወንድማቸውን ልጅ ነው። ሁለቱ በየኮሪደሩ አብረው ሲዞሩ ያዩ ነበር። እሷ ትናገራለች፤ እሱ ይጽፋል። ስቶሩ በር ላይ ሲደርሱ ልጅቷ ወደ ውስጥ ሰረቅ አድርጋ አየችና ድምጿን ዝቅ አድርጋ አንድ ነገር አለችው። እሱ ሳቅ አለ። ጻፈ። እሷ ክንዱን መታ አደረገችው። ወንፊት ይህንን በጨርቅ ክምር መሀል ሆነው አዩ። ማታ ራት ላይ "ምን ነበር ያልሽው?" ብለው ቢጠይቋት "ለማን?" አለች። "ለማን" ብሎ የሚመልስ ሰው ለማን እንደሆነ ያውቃል።

ዕቃው ሁሉ ተሰቅሎ፣ ታብሌቱ ታድሎ፣ ቴክኒሽያኑም ወደ ሌላ ሥራው ከሄደ በኋላ ሥራ አስኪያጁ አስጠራቸው።

"እትዬ፣ ከሰዓት በኋላ ሥራ ላይ እንደማይገኙ መረጃ ይደርሰኛል።"

"ከማን?"

"ምንጩን መናገር አልችልም።"

"ሥራ ላይ ነኝ።"

"መረጃው እንደዚያ አይልም። በየቀኑ ነው የሚደርሰኝ።"

"እንግዲያው መረጃዎ ዓይኑን ይታከም።"

ወጣቱ ቀላ። የሚያከብራቸው ይመስላል፤ ግን አማቱ ሥራውን ሲያስረክበው "ስቶርን ጠብቅ፤ ቤት የሚፈርሰው ከስቶር ነው" ብሎት ነበር። "በዚህ ሳምንት ካልተስተካከለ ቁልፉን ለሌላ ሰው ለማስረከብ እገደዳለሁ" አለ፤ የጠረጴዛውን ጠርዝ እያየ።

ወንፊት ደረጃውን ሲወርዱ አንገታቸው ላይ ያለውን ክር ይዘው ነበር። ከሰዓት በኋላ ሥራ ላይ ነበሩ። ከማንም በላይ ነበሩ። የአምፖል ብርሃን ይዋሻል ብለው ስለሚያምኑ፣ ከሰዓት በኋላ ከየጥቅሉ ቁራጭ ቁራጭ ቆርጠው ወደ ጓሮው ግቢ ይወጣሉ። ስቶር ውስጥ አንድ ዓይነት የሚመስሉ ሁለት ሰማያዊ ጨርቆች ፀሐይ ላይ ሲወጡ አንዱ ወደ ወይን ጠጅ ይከዳል። ሳይታይ ከተሰፋ የደንብ ልብሱ እጅጌ ከጀርባው ጋር ሳይተዋወቅ ይቀራል። ስለዚህ እዚያ ባለው አግዳሚ ወንበር ላይ ቁራጮቹን ጥንድ ጥንድ አድርገው ዘርግተው ፀሐይዋ እስክትዞር ያስተያያሉ። ሲወጡ በሩን ይቆልፋሉ፤ የስቶሩን መብራትም ከነብሬከሩ ያጠፋሉ። ጨርቅና ኤሌክትሪክን ብቻቸውን አንድ ቤት ዘግቶ መሄድ ለእሳቸው እብደት ነው።

ይህን ለሥራ አስኪያጁ አላስረዱም። ሥራ ላይ ነኝ ብለዋል፤ አበቃ። አሁን የፈለጉት አሳባቂውን ነው።

በሚያውቁት መንገድ ፍለጋ ጀመሩ። ነፉ። ለዘበኛው "ነገ ሐኪም ቤት ቀጠሮ አለኝ፤ አትናገር" አሉት። ለቆራጩ "ነገ ለመብራት ቆጣሪ ጉዳይ ቢሮ እሄዳለሁ" አሉት። ለሂሳብ ሹሟ ጥርስ ልነቅል ነው አሏት። ከዚያ የትኛው ወሬ ላይ ቤት ደርሶ እንደሚመለስ ጠበቁ። በሐሰተኛው ቀጠሮ ማግስት ከሥራ አስኪያጁ ጋር ደረጃ ላይ ተገናኙ።

"ትናንትም ሥራ ላይ አልነበሩም" አላቸው በትካዜ።

"የት ነበርኩ?"

"እሱን አይነግረኝም። የለም ብቻ ነው የሚለው።"

ሐኪም ቤትም፣ ቆጣሪም፣ ጥርስም የለም። የሦስቱም ወሬ እዚያው ቀርቷል ማለት ነው። ወንፊት ደረጃው ላይ ቆመው አሰቡ። ምንም ያልነገሩት ሰው ማነው? ምንም ሳይነግሩት ውሎአቸውን የሚያውቀው? ከወንፊቱ ላይ የቀረው ጠጠር አንድ ብቻ ነበር፤ ሊያዩት አልፈለጉም።

ዘበኛው ነው ያስገደዳቸው። የጥርሱም የሐኪም ቤቱም ወሬ በኋላ ተገናኝቶ እሱ ዘንድ ደርሶ ስለነበር፣ ታመዋል ብሎ አዝኖ ጠጋ አላቸው።

"እትዬ፣ እኔ ሰው ማጋጨት አልወድም።"

"ስትጀምር እንደምትወድ ያስታውቃል። ንገረኝ።"

"አለቃው ልጅቷን ቢሮው ጠርቶ 'ቁልፉን አንቺ ትረከቢያለሽ' ሲላት ሰማሁ። በሩ ገርበብ ብሎ ነበር።"

የወንፊት እጅ ወደ አንገታቸው ክር ሄደ። "የሚተከለውን ነው የሚዞረውን?"

"እሱን እንኳ አልጠየቅኩም።"

"እሷስ ምን አለች?"

"ያኔ በሩ ተዘጋ።"

ማታ ቤት ገብተው ራት ቀረበ። ልጅቷ ትንሽ ጎረሰችና ሳህኗን ገፋች። አክስቷ የተገፋውን ሳህን አዩ።

"ዛሬ ሥራ ደህና ዋለ?"

"ደህና።"

"የተለየ ነገር የለም?"

"ምን የተለየ ነገር ይኖራል አክስቴ?"

ወንፊት ተነስተው ሳህኖቹን አጠቡ። ሁልጊዜ የምታጥበው እሷ ነበረች። ልጅቷ "ምን ሆነሻል?" ብትላቸው "የሌላ ሰው ሥራ እየለመድኩ ነው" አሏት። ልጅቷ ገባትም አልገባትም፣ ወደ ክፍሏ ሄዳ በሩን ዘጋች። በዚያ ቤት የውስጥ በር ሲዘጋ የመጀመሪያው ነበር።

የሳምንቱ መጨረሻ ከሰዓት በኋላ ሥራ አስኪያጁ እንደገና አስጠራቸው። ወንፊት ከግቢው ገብተው፣ ስቶሩ መቆለፉንና ብሬከሩ መውረዱን አረጋግጠው ወደ ላይ ወጡ። ቢሮ ሲገቡ አልተቀመጡም። አንገታቸው ላይ ያለውን ክር አውልቀው ቁልፉን ጠረጴዛው ላይ አኖሩት።

"ለማን እንደሚሰጡት ሰምቻለሁ። የምጠይቀው አንድ ነገር ብቻ ነው። ይህን ሁሉ ቀን የኔን ነገር ሲያቀብል የከረመውን ሰው ይንገሩኝ። ስሙን ይዤ ልሂድ።"

"ሰው አይደለም እትዬ" አለ ወጣቱ ተጨንቆ። ስልኩን አወጣ። "ሲስተሙ ነው። ቴክኒሽያኑ ያስገባልን ፕሮግራም። ማን የት እንዳለ ያሳያል ብሎኛል። ሰው ከሥራው ሲጠፋ መልእክት ይልክልኛል። ይኸው የዛሬው።"

ወንፊት ስልኩን ተቀብለው ክንዳቸውን ዘርግተው ከሩቅ አነበቡት። ወንፊት ሥራ ላይ የለም ይላል። ወደ ላይ ሲገፉት የትናንቱም እንደዚያው ነው። የትናንት በስቲያውም።

"የለም?"

"አዎ።"

"ሕንፃ ሙሉ ሰው አንቱ ሲለኝ ኖሮ፣ አንተ ብሎ፣ ያውም ወንድ አድርጎ የሚያወራኝ ምን ዓይነት ፍጡር ነው?"

"ማሽን ስለሆነ ነው ብዬ ነው" አለ ወጣቱ። "ፆታም ክብርም አይለይም ብዬ።"

"እሺ ክብር አያውቅም። ስሜንስ ማን ነገረው? ወንፊት የእናት አባቴ ስም አይደለም። ደመወዝ የምፈርመው በወንፊት ነው?"

ሥራ አስኪያጁ ስልኩን መልሶ ተቀበለና እንደ አዲስ ያየው ጀመር። ከዚያ ቴክኒሽያኑ ዘንድ ደወለ። አይነሳም። ደግሞ ደወለ። አይነሳም። "ልጅቷን ጥሯት፤ ምናልባት ሌላ ስልክ ሰጥቷት እንደሆነ" አለ ለጸሐፊዋ።

ልጅቷ ገባች። ጠረጴዛው ላይ ያለውን ቁልፍ አየች፤ አክስቷን አየች፤ ፊቷ ተለዋወጠ። ጉዳዩ ሲነገራት ስልኳን አወጣችና ቁጥሩን ከየትም ሳትፈልግ በጣቷ መታችው። ገና ሳይጠራ ተነሳ።

"ሄሎ የኔ —"

"ስፒከር ላይ ነህ" አለች ልጅቷ ፈጥና። "ሥራ አስኪያጁ አሉ። አክስቴም አለች።"

መስመሩ ላይ አንድ ነገር የወደቀ መሰለ። "አቤት" አለ ቴክኒሽያኑ በሌላ ድምፅ።

"ወንፊት ሥራ ላይ የለም የሚል መልእክት በየቀኑ ይመጣል" አለ ሥራ አስኪያጁ።

"አዎ፣ እኔም ከዚህ ሆኜ አያታለሁ። ልደውልልዎት ነበር። ወንፊት በሽታ የለባትም፤ መብራት አጥታ ነው።"

"ወንፊት ማን ናት?"

"ስቶር ጣሪያ ላይ ያለችው ናታ፤ ነጯ። ፕሮግራሙ ለእያንዳንዱ ዕቃ ስም ስጥ ይላል። ክፍሎቻችሁ ደግሞ ቁጥር የላቸውም። ስለዚህ ሰው እንደሚጠራቸው አስገባኋቸው። ቆራጩ ጋ ያለው ቆራጩ ነው፤ ሂሳብ ሹሟ ጋ ያለው ሂሳብ ሹሟ፤ በር ላይ ያለው ዘበኛው። ስቶርን ደግሞ... ስቶርን ወንፊት ጋ ነው የሚሉት ተባልኩ።"

ማንም ልጅቷን አላያትም። ልጅቷ መሬቱን አየች።

"መልእክቱንስ?"

"በአማርኛ ካልሆነ አላነብም አሉኛ። አንዱ ሲጠፋ ሥራ ላይ የለም እንዲል አደረግኩት። ዕቃ ስለሆነ 'የለም' አልኩ፤ 'የሉም' ልበለው እንዴ?"

"ማን የት እንዳለ ያሳያል ብለኸኝ አልነበር?"

"ታብሌቱና ስልኩ የት እንዳለ ነዋ ጌታዬ። እርስዎም ገባኝ ብለው ጭንቅላትዎን ነቀነቁ።"

ሥራ አስኪያጁ ጭንቅላቴን አልነቀነቅኩም አላለም። ቴክኒሽያኑ ቀጠለ፤ "ለማንኛውም ከሰዓት በኋላ እየጠበቀ ብሬከሩን የሚያጠፋባት ሰው አለ። ማን እንደሆነ ቢጣራ ጥሩ ነው።"

"እኔ ነኝ" አሉ ወንፊት። "ማጣራት አያስፈልግም።"

ስልኩ ተዘጋ። ወጣቱ ከወንበሩ ተነስቶ ወደ ኮሪደሩ ወጣ። የቢሮው መስኮት ወደ መንገዱ ነው የሚያየው፤ የኮሪደሩ ግን ወደ ጓሮ። እዚያ ቆሞ ወደ ታች ሲያይ ቆየ። አግዳሚው ላይ ሰማያዊ ቁራጮች ጥንድ ጥንድ ሆነው ፀሐይ ላይ ተዘርግተዋል፤ ጫፋቸው ላይ ነፋስ እንዳይወስዳቸው ጠጠር ተጭኗል። ሲመለስ ቁልፉን ከጠረጴዛው አንስቶ በሁለት እጁ ሰጣቸው።

"ግቢ ውስጥ ነኝ ለምን አላሉኝም?"

"ሥራ ላይ ነኝ አልኩዎት። ከዚያ በላይ የሚያስረዳ ሰው እኔ ራሴ አላምነውም።"

"ይቅርታ ያድርጉልኝ።" ትንሽ አመነታና ወደ ልጅቷ አመለከተ። "እሷንም ቁልፉን ትረከቢያለሽ ብዬ አስጨንቄያታለሁ። አክስቴ የማትገባበትን በር አልከፍትም ብላ ጥላኝ ወጣች። ልትለቅ ነው ብዬ ፈርቼ ነበር።"

ወንፊት ክሩን አንገታቸው ላይ አጠለቁ። ቁልፉ ቦታው ላይ ሲያርፍ ትንሽ ቀዘቀዛቸው።

ከሥራ ሲወጡ አክስትና ልጅ አብረው ሄዱ። ሰው የበዛበትን መንገድ አለፉ።

"ስሜን ለባዕድ ሰጠሽው" አሉ ወንፊት።

"እንዳትጽፈው ብዬው ነበር።"

"አትጻፍ የተባለ ነገር መቼ ሳይጻፍ ቀርቶ ያውቃል?" ትንሽ ሄዱ። "ቁልፉን እምቢ ማለትሽንስ ለምን አልነገርሽኝም?"

"ብነግርሽ ታምኚኝ ነበር?"

ወንፊት ጥያቄውን እንደ ክር በሁለት እጃቸው ሳቡት። አዎ ማለት ይችሉ ነበር፤ ልጅቷም ዝም ብላ ትቀበላቸው ነበር።

"አላምንሽም ነበር" አሉ።

"ለዚህ ነዋ።"

"ዛሬ አምኜሻለሁ።"

"ዛሬማ አለቃው ስለመሰከረልኝ ነው።"

ልጅቷ ፊቷን ወደ መንገዱ መልሳ ትራመዳለች። አልተቆጣችም፤ ግን በመካከላቸው ያለው ክፍተት ከወትሮው ትንሽ ይሰፋል። ወንፊት አንድ ነገር በአፋቸው ያዙ። በቃል የተያዘ የስልክ ቁጥር፣ ሳይጠራ የሚነሳ ስልክ፣ "የኔ" ተብሎ የተቋረጠ ቃል፤ ሌላ ጊዜ ቢሆን ይህ ሁሉ መንገዱን ሙሉ የሚነፋ እህል ነበር።

"አንድ ነገር ልጠይቅሽ ነበር" አሉ።

ልጅቷ ትከሻዋ ደረቀ። "ጠይቂኝ።"

"ተይው። ራስሽ ስትፈልጊ ትነግሪኛለሽ።"

ልጅቷ ቆመች። አክስቷን ከጫማቸው እስከ ነጠላቸው አየቻቸው። በዕድሜዋ ይህንን ሰምታ አታውቅም።

"ምን አስበሽ ነው?" አለች።

"ምንም።"

"ማን ምን ነገረሽ?"

"ማንም። ነይ እንሂድ፣ ይመሻል።"

ልጅቷ ግን እስከ ቤት ድረስ በጎን በጎን እያየቻቸው ነበር የሄደችው።